የእሱን ቁጥር መንካት አልፈለግሁም

ከባለቤቴ ከመስፍን ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ተራ ነገር የስልክ ደወል መቀየር ነው። ጂም ውስጥ ነበርን። ጂማችን ድሮ የማሽላ መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ግማሹ ክብደት ብረት፣ ግማሹ በቀለም ጣሳ የተሞላ ሲሚንቶ። አንዱን ዙር ጨርሼ አግዳሚው ላይ ከመቀመጤ ስልኩ ዕረፍት አበቃ ብሎ ጮኸ።

«መስፍኔ፣ ይኼን ጩኸት ቀይርልኝ» አልኩት። «የትምህርት ቤት ደወል እየመሰለኝ ልጆቹን ላሰልፍ እነሳለሁ።»

«ታዲያ መነሳትሽ አይደል የተፈለገው?»

«በፍቅር አስነሳኝ እንጂ።»

ሳቀ። ላቡን በካናቴራው ጠርጎ ስልኩን ተቀበለኝና ሲነካካ ቆየ፤ ደወሉ ቀርቶ ስልኩ እጄ ላይ እንዲንቀጠቀጥ ብቻ አደረገው። ከዚያ በማንጎዎቹ ሥር ሥር እየሄድን ወደ ቤት ገባን። በመንገድ ላይ ያወራነው ስለ ጣሪያው መፍሰስ ይሁን ስለ እራት አላስታውስም።

በማግስቱ ለሥራ ወደ ባምባሲ ሄደ። ሲመለስ ዝናብ ነበር፤ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። ስለዚያ ቀን እዚህ አልጽፍም። የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስላገኘኝ ሕመም ነው። አንድ አንቀጽ ጽፌ ሳምንት የማቆምበት ጊዜ ስለነበረ ብዙ ቆይቶብኛል። ሆኖም ሐዘን ላይ ያለ ሰው፣ ወይም ስፖርት በሞቅታ የጀመረ ሰው ቢያነበው ይጠቅመው ይሆናል።

መስፍን የኮምፒውተር መምህር ነበር። ስልካችን ላይ የጫነው የስፖርት መከታተያ በነጻ የሚገኝ ነው፤ ማስታወቂያ የለውም፣ ኢንተርኔት በጠፋ ቀንም ይሠራል። የሠሩት ሰዎች ማንም ውስጡን ከፍቶ እንደሚስማማው እንዲያስተካክለው ፈቅደው ነው የለቀቁት። እሱ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ እንቅልፍ የለውም። የእንቅስቃሴዎቹን ስም ወደ አማርኛ መለሳቸው። «ስኳት» የሚባለውን፣ እኛ ልጆች ሳለን በመምህር የምንቀጣበትን፣ «ቁጭ ብድግ» ብሎ ጻፈው። አንዱን ገጽ «መስፍን»፣ ሌላውን «ሰናይት» አለው። ሰናይት እኔ ነኝ። በራሱ ገጽ ላይ አንድ ሕግ ጨመረበት፦ የዕለቱን ሥራ ሙሉ በሙሉ ከጨረሰ መስመሩ አረንጓዴ ይሆንና የሚቀጥለው ጊዜ ቁጥር ራሱ ከፍ ይላል። በእኔ ገጽ ላይ ይህን ሕግ አላደረገም። «አንቺ በፈለግሽ ጊዜ ትጨምሪያለሽ» አለኝ።

ከቀብሩ በኋላ እናቱ ከሠፈራ መንደር መጥተው ከእኔ ጋር ተቀመጡ። እማማ ዘውዴ የወሎ ሰው ናቸው፤ በሠፈራው ጊዜ ልጅ አዝለው የመጡ፣ አንደበታቸው የሚቆርጥ፣ ልባቸው የሚራራ። እኔ አስተምሬ እመለሳለሁ፣ እሳቸው ደጁን ሲጠርጉ ይጠብቁኛል። ሁለታችንም በጥቁር ልብስ ሳለን ክረምቱ ወጣ፣ በጋው ገባ።

የመስፍንን ስልክ አላጠፋሁትም ነበር፤ መብራት ሲመጣ ከራሴ ስልክ ጋር እሰካዋለሁ። ዐቢይ ጾም እንደገባ አንድ ቀን መከታተያውን ከፈትኩት። በእሱ ገጽ ላይ «ቀጣይ፦ ቁጭ ብድግ» ይላል፤ ከሥሩ ቁጥሩ አለ። ያ ቁጥር እሱ በመጨረሻው ቀን ስለጨረሰ ከፍ ያለ ቁጥር ነው። እሱ ያልደረሰበት። ለረጅም ጊዜ አየሁት፤ ከዚያ የጂም ጫማዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁ።

«ወዴት ነው?» አሉ እማማ።

«ጂም።»

«በጥቁር ልብስ ብረት ልታነሺ?»

«ሰው አይደል እንዴ ‹ውጪ፣ ተናፈሺ› ሲለኝ የከረመው?»

«ተናፈሺ አሉሽ እንጂ ተሸከሚ አሉሽ?»

ጫማዬን አስሬ ሄድኩ። ትምህርት ቤቴ የጠዋት ፈረቃ ስለሆነ ጂም የምገባው ቀትር ላይ ነው። ያኔ ሰው አይበዛም። የመጋቢት የአሶሳ ቀትር ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ መንገር አያስፈልግም። በጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አልቀምስም ነበር።

የእሱን ክብደት አልቻልኩትም። ስለዚህ ብረቱን ትቼ ቁጥሩን ያዝኩ። ቁጥሩ በራሴ ገጽ ላይ ከለመድኩት ብዙ እጥፍ ነበር። እግሬ እየተንቀጠቀጠ፣ ግድግዳ እየደገፍኩ ጨረስኩት። መስመሩ አረንጓዴ ሆነ። ከሞተ ጀምሮ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን አልነበረም። ቁጥሩ ደግሞ ራሱ ከፍ አለ፤ እንደገና ሄድኩ።

የጂሙ ባለቤት ሙሉቀን የመስፍን ጓደኛ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከኋላዬ መጥቶ ስልኩን አየ።

«መምህርት፣ ይኼ የሱ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ቀንሺዋ! እዚህች ጋ ነክተሽ መቀነስ ነው፤ ራሱ ነው ያሳየኝ።»

«ተወኝ ሙሉቀን።»

መቀነስ እንደሚቻል እኔም አውቅ ነበር። በዚያ መከታተያ የማይለወጥ ነገር የለም፤ የተወደደውም ለዚህ ነው። ግን የሱ እጅ ያስቀመጠው ነገር ብዙ አልቀረኝም። ሸሚዞቹን ለዘመድ ሰጥተናል። ያ ቁጥር ግን እንዳለ ነበር፤ ብነካው የሱ መሆኑ የሚቀር መሰለኝ።

የመጀመሪያው ምልክት ከባጃጅ መውረድ አለመቻሌ ነው። ጭኖቼ አበጡ፤ ስጫናቸው እንደ እንጨት ይደርቃሉ። ስፖርት የሠራ ሰው ሰውነቱ ይዝላል፣ ይህ ያለ ነው ብዬ ተውኩት። ልዩነቱን አሁን አውቃለሁ፦ የተለመደው ሕመም ሲያድር እየቀለለ ይሄዳል፣ የእኔ ግን እየባሰ ሄደ። መጸዳጃ ቤት ለመቀመጥ ግድግዳውን በሁለት እጄ መያዝ ነበረብኝ።

ከዚያ ሽንቴ ጠቆረ። ጎረቤቴ ሐዋ ጾሜን የምፈታበትን ከርከዴ፣ ያንን ጥቁር ቀይ የአበባ መጠጥ፣ በጆግ ታመጣልኝ ስለነበር መጀመሪያ ያንን ጠረጠርኩ። ነገርኳት። ሐዋ ቤቷ የምታወራው በርትኛ ነው፤ በአማርኛ ሁላችንም ለእሷ «አንተ» ነን።

«ከርከዴ እኔ ጠጣ፣ ባሌም ጠጣ፣ ልጆቹም ጠጣ» አለችኝ ቆጣ ብላ። «ማን ጥቁር ሸና? ከርከዴ አትስደብ። አንተ ሐኪም ሂድ።»

በማግስቱ እማማ ደግፈውኝ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ከቀርከሃ የተሠራው አግዳሚ በወባ ታማሚ ሞልቶ ነበር፤ አንዷ እናት ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ ቦታ ለቀቀችልን። ተራዬ ሲደርስ መርማሪው ደሜን ወሰደ። ወባ የለም አለ። ታይፎይድ ግን ምልክት አሳይቷል አለ።

«ብረት ስታነሳ ነው የታመመችው» አሉ እማማ።

«እናቴ፣ ብረት ታይፎይድ አያመጣም» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አግዳሚው ላይ ያሉትም በበሩ ሰምተው ሳቁ። እማማ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

የታይፎይድ መድኃኒትና የሕመም ማስታገሻ ይዘን ወጣን። ማስታገሻው ለጊዜው እግሬን ሲያቀልልኝ ከታዘዘው በላይ ዋጥኩት። ኋላ እንደተነገረኝ እንዲህ ያለው ማስታገሻ በተጎዳ ኩላሊት ላይ ሌላ ሸክም ነው። ያኔ ይህን የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ሽንቴ ጠቁሮ ብቻ አልቀረም፤ አነሰ። የበላሁት አይረጋልኝም። እማማ ሽንቴን በዓይናቸው አይተው ፊታቸው ተለወጠ።

«ይኼ ወፍ ነው» አሉ። «የወፍ በሽታ። ሽንት እንዲህ የሚያጠቁር ሌላ የለም። ከእንግዲህ መርፌ የሚባል እንዳይነካሽ! ወፍ ያለበት ሰው መርፌ ከተወጋ አለቀለት።»

ይህን ያልሰማ በአገራችን የለም። ሁሉም ሰው በመርፌ ወይም በግሉኮስ የሞተ የወፍ በሽተኛ ያውቃል፤ ካላወቀም የሚያውቅ ሰው ያውቃል። እኔ መምህርት ነኝ፤ ለልጆች ስለ ጉበት አስተምራለሁ። ግን ታምሜ ስተኛ የማውቀው ሁሉ ከራሴ ጠፋ። እማማ ከመንደራቸው የተቀመመ ቅጠል አስመጡልኝ። ጠጣሁት፤ በሆዴ የቀረችውን ውሃ ሁሉ አስወጣኝ። ሐዋ ዓይኔን በአውራ ጣቷ ገልጣ አየችና «ዓይን ነጭ ነው፣ ወፍ ቢጫ ነው» አለች። ማንም አልሰማትም።

በእነዚያ ሌሊቶች የፈራሁት ሞትን አልነበረም። መስፍን የሄደበትን መንገድ መፍራት ያሳፍረኝ ነበር። የፈራሁት እማማን ነው። ከአጠገቤ መሬት ላይ ተኝተው ትንፋሼን ያዳምጣሉ፤ ዝም ካልኩ «አለሽ?» ይላሉ። «አለሁ» እላለሁ። ልጃቸውን የቀበሩ ሴት ደግሞ እኔን ቀብረው ብቻቸውን ወደዚያ ቤት ሲገቡ ይታየኝ ነበር። መኖር የፈለግሁት መጀመሪያ ለሳቸው ስል ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ መውረድ አቃተኝ። ሽንትም የለም። ሐዋ ማንንም ሳታማክር ባጃጅ ጠራች፤ እሷና ሾፌሩ ተሸክመው ጫኑኝ። «ሐኪም ቤት ነው፣ መርፌ ቤት አይደለም» አለቻቸው እማማን። እማማ እየተቆጡ ተከተሉን።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ከመንጌ የመጣ አንድ ሰው ተራውን ሰጠን። እጁ በወርቅ ማጠብ የተሰነጣጠቀ፣ ራሱም ትኩሳት የሚያንቀጠቅጠው ሰው ነበር። ስሙን አልጠየቅሁትም። እስከ ዛሬ እጸልይለታለሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ጭኔን ጫን ሲለው ጮህኩ። እጁን ሳያነሳ እማማን ቀና ብሎ አያቸው።

«ምን ስትሠራ ነው የታመመችው?»

«ብናገር ትስቃላችሁ።»

«አልስቅም፣ እናቴ። ይንገሩኝ።»

«ብረት ስታነሳ ነው! ከዚያ ቤት በገባች ሰሞን ነው እግሯ የታሰረው። ብናገር ብናገር እንደ እብድ አዩኝ።»

አልሳቀም። ወደ እኔ ዞሮ ምን እንደሠራሁ፣ ስንት ጊዜ እንደሠራሁ ጠየቀኝ። ብረት አለመሆኑን፣ ቁጭ ብድግ መሆኑን ነገርኩት። ቁጥሩን ስነግረው የሰማው ልክ መሆኑን ደግሞ ጠየቀኝ።

«ውሃስ ትጠጪ ነበር?»

«ጾም ነው፣ ዶክተር።»

ካስገቡልኝ ቀጭን ቧንቧ ላይ እንደምንም ጥቂት ሽንት አግኝተው ላቦራቶሪ ላኩት። ውጤቱ ሲመለስ ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳን። መመርመሪያው ወረቀት ሽንቱ ውስጥ ደም አለ ይላል፤ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ግን የደም ሕዋስ የለም። ቀለሙ ከጡንቻዬ የመጣ ነው። ጡንቻ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ፣ በተለይም ሰውነት ውሃ ባጣ ጊዜ፣ ይፈራርሳል፤ ፍርስራሹ ከደም ጋር ሄዶ የኩላሊትን ማጣሪያ ይደፍናል።

«መድኃኒቱ ውሃ ነው» አለ። «ብዙ ውሃ፣ በደም ሥር፣ አሁኑኑ። ኩላሊቷ ጨርሶ ካቆመ የኩላሊት እጥበት ያስፈልጋታል፤ ለዚያ አዲስ አበባ መላክ አለባት። በዚህ ሁኔታ መንገዱን መቻሏን እጠራጠራለሁ።»

ነርሷ የግሉኮሱን መስቀያ እየገፋች ስትመጣ እማማ ተነስተው መሐል ቆሙ።

«አይሆንም!»

«እናቴ...» አለ ሐኪሙ።

«ወፍ አለባት። ልጄን መኪና በላብኝ፤ እሷን ለመርፌ አልሰጥም። እዚሁ መሬት ላይ እተኛለሁ እንጂ አላሳልፍሽም!»

ሐኪሙ አልተቆጣም። ዓይኔን ገልጦ «ወፍ ቢሆን እዚህ ላይ ቢጫ ይሆን ነበር፤ ይዩት» አላቸው።

«ዓይኔ አያይም» አሉ እማማ። ዞር ብለው፣ «ሐዋ፣ አንቺ እይልኝ።»

«ነጭ!» አለች ሐዋ። «እኔ ትናንት ተናገረ። ትናንት ወዲያም ተናገረ። ማን ሰማ?»

እማማ ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልችልም። መርፌውን ሳይ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማኋቸው ሙታን ሁሉ ታወሱኝ። ግን ሐኪሙ የሳቸውን ቃል ሳይስቅ የሰማ የመጀመሪያው ሰው ነው። እሱ እሳቸውን ካመነ እኛም እሱን ማመን አለብን አልኩ።

«እማማ» አልኩ፣ «እርስዎ ብረት ነው ሲሉ ልክ ነበሩ። አሁን ደግሞ እሱን እንስማው። እጄን ይያዙኝ።»

 ከመስቀያው ፊት ዞር ብለው በአልጋው ማዶ ቁጭ አሉና ግራ እጄን ያዙ። «አብሽሪ» አሉኝ።  መርፌው በቀኝ እጄ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መጠበቅ ነው። አንዱ ከረጢት ሲያልቅ ሌላ ይሰቀላል። ሐኪሙ በመጣ ቁጥር የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሽንት አለ? መጀመሪያ የለም። ከዚያ ጠብታ። ፊቴ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ውሃው ገብቶ መውጫ ያጣ መሰለኝ፤ የአዲስ አበባ ሪፈርም ተጽፎ ተቀመጠ። የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ለመንገዱ አዋጥተው ላኩልኝ። እማማ የሽንት መያዣውን እያነሱ በመስኮት በኩል ለብርሃን ይይዙታል፣ መልሰው ያስቀምጡታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መያዣውን እንዳነሱ ቆመው ቀሩ።

«ጠራ!» አሉ። «ሐዋ፣ ነይ እይ! ዓይኔ ነው ወይስ ጠርቷል? ጠላ የነበረው ጠጅ ሆነ!»

«ጾም ነው እማማ፣ ስለ ጠጅ አያውሩ» አለች ከጥግ አልጋ ያለች ወላድ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አንዲት ሴት እልል አለች፤ ለሽንት እልል ሲባል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ሪፈሩ ሳይሄድ ቀረ።

መዳን ግን እንደዚያ በአንድ ቀን አልሆነም። ጭኖቼ ሟሙተው ስለነበር ከወንበር መነሳት እንደ ሕፃን ተማርኩ። የትንሣኤን በዓል በከዘራ ነው ያሳለፍኩት። ተማሪዎቼ ሰሌዳውን ራሳቸው ይጽፉልኛል፤ እኔ ተቀምጬ አስተምራለሁ። የኩላሊቴ ምርመራ እየተሻሻለ ቢመጣም እንደ ድሮው አልሆነም፤ ሐኪሙ ክትትሉን አታቋርጪ ብሎኛል። ጥርሴን እንኳ ቢያመኝ ማስታገሻ ከመዋጤ በፊት ጠይቄ ነው።

ለሚያነብ ሰው የምለው ይህ ነው። ስፖርት ከሠራችሁ በኋላ እግራችሁ ካበጠና ሽንታችሁ ከጠቆረ ነገ አትበሉ። ለሐኪም የሠራችሁትን ሁሉ ንገሩ፤ የማይገናኝ ቢመስላችሁም። አጠገባችሁ ያለ ሰው የተናገረውን ስቃችሁ አትለፉት። የወፍ በሽታን ስም ሰምታችሁም መርፌ አትሽሹ፤ እኛ በዚያ ፍርሃት ልንጠፋ ነበር። በጾም ቀን ደግሞ በቀትር ሐሩር ያለ ውሃ ሰውነታችሁን አትፈትኑት። የንስሐ አባቴም ስነግራቸው የተቆጡኝ በዚህ ነው፤ «ጾምሽ ይህን አላዘዘሽም» አሉኝ።

ሐኪሙ ቀስ ብዬ እንድንቀሳቀስ ሲፈቅድልኝ ሙሉቀን መከታተያውን እያሳየኝ ማስተካከያውን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ እጅ ከፈትኩ። በእኔ ገጽ ላይ ከሁሉ በፊት «ውሃ ጠጥተሻል?» የሚል መስመር ጨመርኩ። «በልተሻል?» የሚልም ጨመርኩ። ለሁለቱም አዎ ካላልኩ ወደ ሥራው አያሳልፈኝም። የመስፍንን ገጽ አልሰረዝኩም። ቁጥሩ እዚያው አለ፤ ያላለቀ ሥራ ነው፣ ሳያልቅም ይቀራል። ይህን መጻፍ የቻልኩት ዘንድሮ ነው።

እማማ አሁንም አብረውኝ ናቸው። ጂም ስሄድ ይቆጡኛል፤ ውሃውን ግን እሳቸው ናቸው በኮዳ የሚሞሉልኝ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ፀሐይ ስትበርድ፣ እሄዳለሁ። ከአግዳሚው ላይ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። ሲደክመኝ አቆማለሁ።